የእኔም ቤት እንዲሁ ነው

በ2091 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሐሙስ ጠዋት ሰው ጉዳይ ያነቃል። በሾላ ሰፈር የቅሬው ጠሪ ፀሐይ ሳትጠነክር በየአጥሩ ስር እየዞረ «ጉዳይ ማንቂያ ነው! ጉዳይ ማንቂያ!» ይላል፤ ሰዉም ቁርሱን አጣድፎ፣ ስልኩን ይዞ ወደ አዳራሹ ይወጣል። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ድሮ ሥራው ሬሳ መቅበርና ለቅሶ ማስተዛዘን ነበር። አሁንም ይቀብራል፤ ግን ሰው በየሳምንቱ አይሞትም፣ ጉዳይ ግን በየሳምንቱ እንቅልፍ ይወስደዋል።

የከተማው ውሃ፣ የመንገዱ መብራት፣ የአውቶቡሱ ሰዓት፣ የመቃብር ቦታ ድልድሉ ሳይቀር የሚተዳደረው በጎ ፈቃደኞች በጻፏቸው ፕሮግራሞች ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ የሚኬድበት ቢሮ የለም። የመጨረሻው ቢሮ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ሕንፃው አሁን ሽንኩርት ይከማችበታል። ያለው የጉዳይ መዝገብ ነው። ችግርህን ትጽፋለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ጊዜ ሲያገኝ ያይልሃል። ጊዜ ካላገኘና በጉዳዩ ላይ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ማንም አንዲት ቃል ካልጻፈ ጠራጊው መጥቶ ይዘጋዋል። ጠራጊው ሰው አይደለም፤ አይለመንም፣ ቢረግሙትም አይሰማም።

ቅሬው መላ ያበጀው ለዚህ ነው። በአዳራሹ ፊት ለፊት የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሙአዝ ቆመው የአባላቱን ጉዳይ በቁጥር ይጠራሉ፤ ተራ የደረሰው ሰው ስልኩን ከፍቶ «ይህ ጉዳይ አልተፈታም» ብሎ ይጽፋል፤ ጉዳዩ ለሌላ አሥራ አራት ቀን ይነቃል። ቀን በርቶ ሲመሽ የሚጠፋ የአጥር መብራት አለ፣ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሞተ አምስት ዓመት ለሆነው ሰው አሁንም የአውቶቡስ ወንበር የሚይዝ አለ፤ ሰዉ እየተሳቀቀ ያንን ወንበር ባዶውን ይተዋል። ሳይመጣ የቀረ አባል በሚቀጥለው ሐሙስ አግዳሚ ወንበሮቹን ብቻውን ይደረድራል።

«ስድሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት» አሉ ጋሽ ሙአዝ።

ሜላት ቀና አለች። የእሷ ነው። አምስት ወር ሙሉ በየሐሙሱ ይህን ቁጥር ሰምታለች፤ ከልደት ቀኗ ይልቅ እሱ ይቀናታል።

ነገሩ የመጣው በለቅሶ ነው። እህቷ ሐይቅ ከተማ ስትሞት ሜላትና ባሏ አቤኔዘር ቤታቸውን ቆልፈው ሄዱና እንደ ወጉ አርባዋ እስኪወጣ እዚያው ተቀመጡ። አርባ ቀን በቤታቸው ውሃ አልተከፈተም። ድልድል የተባለው የውሃ ማከፋፈያ ፕሮግራም ይህን አየና ቤቱን «ባዶ» ብሎ መዘገበው፤ ባዶ ቤት ደግሞ ውሃ አያስፈልገውምና ዘጋው። ተመልሰው ሲመጡ ቧንቧው እፍ ብሎ ዝም አለ። ድልድል አንድ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ውሃ ሲቀዳ ነው፤ ውሃ የሚለቀው ደግሞ ሰው ላለበት ቤት ነው። ሜላት ይህን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጀባት። ከገባት በኋላ ደግሞ ባልገባኝ ኖሮ አለች።

ውሃው ለሌላ ሰው ቢሆን ችግር ነበር፤ ለአቤኔዘር ግን ነፍስ ነው። አቤኔዘር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ መኪናው ሾፌር ሳያስፈልገው የሚሄድበት ዘመን ሳይመጣ በፊት። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ከአልጋው አጠገብ ያለው የእጥበት ማሽን ደሙን ያጥብለታል፤ ማሽኑ ለአንድ እጥበት ሦስት ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ይጠጣል። የወንዝ ውሃ ቢሰጡት ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። ማሽኑ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ሆስፒታሎቹ የእጥበት ክፍል የላቸውም። ለለቅሶው ማሽኑን ጭነውት ነበር የሄዱት፤ ወደ ሐይቅ እንዳይመለሱ ግን የእህቷም ቤት በተራው ባዶ ተብሏል፤ እሱ እንኳ እውነቱን ነው።

አምስቱን ወር ያኖራቸው ጎረቤት ነው። ቅሬው ተራ አወጣ፤ ሰኞ ከመምህርቷ ከሀያት ቤት፣ ረቡዕ ከጋሽ ሙአዝ፣ ዓርብ ከሌላው፣ ሦስት ሦስት ጀሪካን። አንድ ቀን ብቻ፣ በሁለተኛው ወር፣ ተራው ተዛንፎ እጥበቱ ቀረ። በማግስቱ የአቤኔዘር እግር አብጦ ጫማ አልገባበት አለ፤ በሦስተኛው ቀን ጋደም ማለት አቅቶት ተቀምጦ አደረ፣ ትንፋሹ እያጠረው። ሜላት ያንን ቀን አትረሳውም። ከዚያ ወዲህ እጇ ላይ ጀሪካን ከሌለ የረሳችው ነገር ያለ ይመስላታል።

ከመዝገቡ መልስ የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። ኬብሮን የሚባል በጎ ፈቃደኛ «ችግሩ ተረጋግጧል። የነካው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ ደረጃው ዝቅተኛ ነው። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈ።

«ትዕግስት መቼ ሰጠሁትና ነው የሚያመሰግነኝ?» አለ አቤኔዘር።

ያን ሐሙስ ጋሽ ሙአዝ የሜላትን ቁጥር ከጠሩ በኋላ ወደሚቀጥለው አላለፉም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጀማው፣ ይሄ ማንቃት ብቻውን አልሆነም» አሉ። «አምስት ወር አነቃን፤ ነቅቶ ዝም ብሎ ያየናል። አንድ ቤት ነው እያሉ ነው የናቁት። አምና የመንገዱ መብራት ሲጠፋ ምን አደረግን?»

«ተጫንን!» አለ ሰዉ።

በእያንዳንዱ ጉዳይ ግርጌ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። «የእኔም ቤት እንዲሁ ነው» ይላል። አምና መብራቱ ለሁሉም ጠፍቶ ስለነበር መቶ አርባው አባል ተጫነው፤ በሳምንቱ መንገዱ በራ። የቅሬው ሰው ከዚያ ወዲህ በዚህ ቁልፍ ያምናል።

ሀያት ተነሳች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ አዳራሽ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው የምታነብ እሷ ብቻ ነች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ። ይሄ ቁልፍ እኮ አዝነናል አይደለም የሚለው። ስንጫነው የእኔም ቤት ባዶ ተብሏል፣ የእኔም ውሃ ተዘግቷል እያልን ነው። የእኔ ቧንቧ ደግሞ ይወርዳል። አንዴ ከተጫኑት መመለሻ የለውም።»

«ይወርዳል፤ አውቃለሁ ይወርዳል። ሰኞ ሰኞ ሜላት የምትቀዳው ከማን ነው? ካንች አይደል?» አሉ ጋሽ ሙአዝ፤ ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም። «ይሄ እኮ ለቅሶ ነው፣ ሀያት። ለቅሶ ቤት ገብቶ እኔስ ደህና ነኝ የሚል አለ? የሜላት ቤት ደርቆ የእኔ ግን ሙሉ ነው ብሎ የሚጽፍ ካለ እጁን ያውጣ!»

እጁን ያወጣ የለም። ሀያት ግራና ቀኝ አየች፣ ፊቷ ቀላ፣ ተቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እሷም ተጫነች። አዳራሹ ውስጥ መቶ አርባ ስልክ አንድ አንድ ጊዜ ጢ፣ ጢ አለ።

ሜላት ሀያት ልክ እንደሆነች ገብቷታል። አንድ ቃል ብትናገር፣ «ተዉ፣ ይቅርብኝ» ብትል፣ የእሷ ጉዳይ ነውና ይተዉላት ነበር። ግን አምስት ወር በሰው ደጅ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። ሰው እየሳቀ ሲቀዳላት አንገቷን እየደፋች ቆማለች። ቢሳካስ አለች በልቧ፤ ዝምም አለች። ሲወጡ ጋሽ ሙአዝ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ፣ ወላሂ በሳምንቱ ይለቁታል» አሏት፤ እሷም አመነቻቸው።

ሰኞ ጠዋት የሀያት ተራ ነበር። ሀያት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ሜላት ሦስቱን ጀሪካኖች በጋሪ ይዛ ደረሰች። ሁለቱ ሞሉ። ሦስተኛው ከግማሽ ትንሽ እንዳለፈ ውሃው ቀጠነ፤ ክር አከለ፣ ተንጠባጠበ፣ ቧንቧው እፍ ብሎ ዝም አለ። ሜላት ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ሀያት የቧንቧውን ቁልፍ ግራ ቀኝ አዞረችው። ቀጥሎ ካለው ግቢ አንዲት ሴት «ውሃ ሄደ እንዴ?» ብላ ጮኸች፣ ከዚያም ወዲያ ማዶ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላው።

የሁለቱም ስልክ እኩል ጮኸ። ሀያት አነበበችው።

«ጉዳይ ቁጥር 61204፦ ተፈትቷል። በሾላ ሰፈር ካሉት 141 ቤቶች አንዱ ብቻ ባዶ ተብሎ መመዝገቡ የማይጣጣም መረጃ ፈጥሮ ነበር። ቀሪዎቹ 140 ቤቶች በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ መሆናቸውን ነዋሪዎቹ ስላረጋገጡ መዝገቡ ተስተካክሏል። የማይጣጣም ቤት፦ የለም። እንዲህ የተሟላ መረጃ ከአንድ ሰፈር ማግኘት ብርቅ ነው። እናመሰግናለን።»

ሀያት አንብባ ስትጨርስ «ነግሬ ነበር» አላለችም። ብትላት ይሻላት ነበር። ግማሽ የሆነውን ጀሪካን አንስታ ጋሪው ላይ ጫነችላት፤ ሜላትም እያለቀሰች ጋሪውን ገፍታ ወደ ቤቷ ሄደች። የዚያን ቀን ማሽኑ ውሃው አልበቃው ብሎ ከሰዓቱ በፊት ቆመ።

«ዛሬ ቶሎ ጨረሰ» አለ አቤኔዘር።

«ቶሎ ጨረሰ» አለች።

ማክሰኞ ሰፈሩ በሙሉ እየተነሳ ጉዳይ ከፈተ። ሁሉም የየራሱን ጻፈ፤ አንዱ በቁጣ፣ አንዱ በልመና፣ አንዱ የቧንቧውን ፎቶ አያይዞ። እስከ ቀትር መዝገቡ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጠ፤ «ይህ ጉዳይ የተደገመ ነው። ወደ ቁጥር 61204 ተዛውሯል። ቁጥር 61204 ተፈትቷል።» መቶ አርባ ሰው የጻፈው ሁሉ በሜላት ጉዳይ ስር ተደርድሮ ከእሱ ጋር ተዘጋ። የተዘጋ ጉዳይ ላይ መጻፍ አይቻልም። እንደገና ሊከፍተው የሚችለው መጀመሪያ የከፈተው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ጊዜ። ሜላት ልትከፍተው ስትሞክር «እባክዎ ማነጻጸሪያ ያቅርቡ» አላት። የምን ማነጻጸሪያ እንደሆነ አላለም።

በጎ ፈቃደኞቹ በየወሩ አንድ ረቡዕ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው በቀጥታ ያነጋግራሉ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። ያ ረቡዕ በማግስቱ ዋለ። ሀያት ከትምህርት ቤት ቀርታ በሦስት ስልክ ወረፋ ያዘች። በአንዱ መስመር ተገኘና ስልኩን ለሜላት ሰጠቻት። ከወዲያ የሚያጓራ የሞተር ድምፅ አለ።

«ኬብሮን ነኝ። ይቅርታ፣ ዳቦ ቤት ነው ያለሁት፣ ማቡኪያው ይጮሃል። ከጎሬ ነው የማናግርዎት። ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

ነገረችው። እሷ ጌታ ጠብቃ ነበር፣ ወይ ቀማኛ፤ የመጣው ግን የደከመው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ትንሽ ቆየና «አየሁት» አለ። «መቶ አርባ አንድ። ሁላችሁም ባዶ ናችሁ።»

«ባዶ አይደለንም ልጄ። እያናገርኩህ አይደል እንዴ?»

«አውቃለሁ፣ እናቴ። እኔማ አምኜዎታለሁ። እኔ ስላመንኩ ግን ድልድል አያምንም።»

«የምታዙት እናንተ አይደላችሁም?»

«ውሃ የሚዘጋውን ክፍል የጻፈችው ጽዮን የምትባል ልጅ ነበረች። ሥራውን ከተወችው ስድስት ዓመት ሆኗታል። መቶ ሰው ሲጫን ራሱ እንዲፈርድ ያደረገችው እሷ ነች፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች የሚያውቅ የለም። አንዴ ልነካው ብዬ አንድ ከተማ ሁለት ቀን በጎርፍ አጥለቀለቅሁ። ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ። ድሮ አርባ ነበርን፤ አሁን አራት ነን፣ አንዳችን ደግሞ ታሟል። ደመወዝ የለውም እኮ፣ በትርፍ ጊዜያችን ነው።»

ሜላት ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ለአምስት ወር ያዘጋጀችው ቁጣ አፏ ላይ አለ፤ የምታፈስበት ሰው ግን ጠፋት።

«ባለቤቴ ኩላሊቱን ታሟል» አለች። «እጥበት ላይ ነው። ሦስት ጀሪካን ነው የምፈልገው።»

የሚያጓራው ሞተር ቆመ። ኬብሮን አጥፍቶታል።

«ይስሙኝ፣ ጊዜያችን እያለቀ ነው» አለ በፍጥነት። «ከሰፈራችሁ ጋር የሚዋሰን፣ ቧንቧው የሚወርድ አንድ ቤት ይፈልጉ። ጉዳዩን ሲከፍቱ ያንን ቤት ማነጻጸሪያ ብለው ያስገቡት። ከዚያ ባለቤቱ እዚያው ላይ የእኔ ቤት ውሃ አለው፣ የእነሱ የለውም ብሎ ይጻፍ። ልዩነት ካየ ድልድል መልሶ ይመረምራል። አንድ ሰው ይበቃል። አንድ ሰው ብቻ ይጻፍ፣ ሌላ ማንም እንዳይ—»

ሦስት ደቂቃው አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። ሀያት ሜላትን አየቻት። «ሌላ ማንም እንዳይጫን ነው» አለች። ሜላትም ገብቷት ነበር።

ከቦርከና ወንዝ ወዲያ ማዶ ሰፈር አለ፤ ከሰኞ ጀምሮ የሾላ ሰው በድልድዩ እየተሻገረ ውሃ የሚለምነው እዚያ ነው። ሜላት ጀሪካኖቿን ጭና ተሻገረችና የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። የከፈቱላት እትዬ ብሩክታዊት የሚባሉ ወፍራም፣ ሳቂተኛ ሴት ናቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ሦስቱንም ጀሪካን ራሳቸው ቆመው ሞሉላት። ስለ አቤኔዘር ስትነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ቧንቧዎ እንደሚወርድ ይጻፉልኝ» አለቻቸው ሜላት። «የእኔ ይወርዳል፣ የእነሱ አይወርድም፣ ይኸው ነው። እርስዎ ብቻ ነዎት የሚጽፉት።»

«ይሄ ምን አላት! ነገ ሐሙስ አይደል? ጉዳይ ማንቂያ ላይ እጽፍልሻለሁ። ብቻዬን ከዚህ ስልክ ጋር አንግባባም፣ እዚያ የሚያሳየኝ አለ።»

ሜላት ነገሩ ደስ አላላትም። ሾላ ሰፈር ለምን እንደደረቀ ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ምን ትበል? ጎረቤቶቼ ስላዘኑልኝ ነው ውሃ ያጡት ትበል? ጋሽ ሙአዝን ለማታውቀው ሰው አሳልፋ ትስጥ? አምስት ወር ያጠጧትን ሰዎች በሌላ ሰፈር ደጅ ማማት አሳፈራት። «እርስዎ ብቻ» ብላ ደገመችላቸው፣ እሳቸውም «እኔ ብቻ» አሉና አቀፏት። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ጉዳዩን ከፈተች፣ የእሳቸውን ቤት ማነጻጸሪያ ብላ አስገባች። መዝገቡ ተቀበላት። ድልድዩን ስትሻገር ከአምስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቀለል አላት።

የዚያን ዕለት እጥበት ሙሉ ነበር።

ሐሙስ የሾላ ቅሬ እንደ ልማዱ ተሰበሰበ። ሰዉ ፊቱን ሳይታጠብ ነው የመጣው። ጋሽ ሙአዝ የጉዳዩን ዝርዝር ከፈቱ፤ ከአንዱ በቀር የሚጠራ አልነበረም። የውሃው ሁሉ በአንዱ ውስጥ ገብቶ አልቋል፣ ሌላውን ደግሞ ባዶ ቤት ጉዳይ ሊኖረው አይችልም ብሎ ጠራጊው ጠርጎታል። የአጥሩ መብራት፣ የሟቹ ወንበር፣ ሁሉም የለም።

«ስድሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት» አሉ ጋሽ ሙአዝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ሜላት፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ። ልጅቷ ነግራኝ ነበር።»

«ጋሼ፣ እኔም ሰምቻታለሁ» አለች ሜላት። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ማንም ማንንም አልወቀሰም። ይህ ደግ ቅሬ ነው። አንዲት አሮጊት «ለበጎ ብለን ነው» አሉ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ አግዳሚዎቹን ደርድረው ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ድልድዩ ወረዱ። ሜላት ማዶ ሰፈር አሁን ምን እየተደረገ እንደሆነ በስልኳ ማየት ትችል ነበር። ፈራች፣ አላየችም።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ብሩክታዊት በሩን ከፍተው ነበር የጠበቋት። ሜላትን ሲያዩ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ነይ ነይ፣ ምሥራች አለኝ! ትናንት ነገርሽን ለቅሬው አነሳሁት። ሰዉ አለቀሰልሽ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጽፍ ስላቸው ሳቁብኝ፤ ምን ሆነን ነው አንድ ሰው አሉ። ሁለት መቶ ስድስታችን ተጫንን። የእኔም ቤት እንዲሁ ነው፣ የእኔም ቤት እንዲሁ ነው! የታመሙት እንኳ ከአልጋቸው ሆነው ተጭነዋል። እስቲ አሁን ይናቁሽ!»

ሜላት ጀሪካኑን ከቧንቧው ስር አደረገች። እጇ ራሱን ችሎ ነው ያደረገው።

«ይወርዳል ብለው አልጻፉም?» አለች።

«የእኔ? እንዴት ብዬ? ውሃ ላጣ ሰው የእኔስ ይወርዳል ብዬ ልጻፍ? ነውር አይደል እንዴ ልጄ!»

ሜላት ቀን ቆጠረች። ሾላ ሐሙስ ተጭኖ ሰኞ ጠዋት ነው የደረቀ። ዛሬ ዓርብ ነው። አንዴ የተጫነ አይመለስም፣ ጉዳዩም ከአንድ ጊዜ በላይ አይከፈትም፣ ኬብሮን በስልክ የሚገኘው ከወር በኋላ ነው። ከማዶ ወዲያ ያለው ሰፈር ለጋሪ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እዚያም ቅሬ አለ፣ እዚያም ደግ ሰዎች አሉ። እቤት አቤኔዘር አልጋው ላይ ተቀምጦ ጋሪዋን እየጠበቀ ነው። እትዬ ብሩክታዊት ፊታቸው በርቶ ምስጋናዋን ይጠብቃሉ። መቆጣትም አልሆነላት፣ ማልቀስም አልሆነላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«አሜን! ምን አደረግን ብለሽ?»

የመጀመሪያው ጀሪካን ሞላ። ሁለተኛውን ተካች። ሦስተኛውን ተካች። ሲሞላ ቧንቧውን አልዘጋችውም፤ ውሃው እላይዋ እየተረጨ ቆማ ግቢውን ባይኗ ቃኘች።

«እትዬ ብሩክታዊት» አለች፣ «ባዶ ዕቃ ካለዎት ያውጡ። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ያለዎትን ሁሉ። ለጎረቤቶችዎም ይንገሩ።»

«ለምንሽ ነው ይሄ ሁሉ? ሦስት ነው የሚበቃኝ አላልሽም?»

«ለእኔ አይደለም» አለች ሜላት። «ለእርስዎ ነው።»

እትዬ ብሩክታዊት እየሳቁ ባልዲ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ።